ቤት ውስጥ የሚማር ልጃችሁን ለኤስኤቲ ማዘጋጀት፦ ከምዝገባው እስከ ውጤቱ

አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ፣ ወላጁ እንደ ኤስኤቲ ስላሉ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ምንም ባያውቅ እንኳ ነገሩ በራሱ ይሄዳል። ካውንስለሩ የምዝገባውን ቀን ይነግረዋል፤ የልምምዱን ፈተና ፒኤስኤቲን እዚያው ክፍሉ ቁጭ ብሎ ይወስዳል፤ መታወቂያውንም ትምህርት ቤቱ ይሰጠዋል። ሆምስኩል የሚያደርግ ቤተሰብ ግን አስተማሪውም፣ ካውንስለሩም፣ መዝገብ ቤቱም ራሱ ነው። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ካሉ ሐበሻ ወላጆች ጋር ስናወራ የምሰማው ጭንቀት ሁልጊዜ ስለ ሒሳብና ስለ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹን ሲያደናቅፋቸው የማየው ግን በአብዛኛው ያለፈ ቀን፣ ፈተናውን የማይከፍት ኮምፒውተር፣ ከመታወቂያ ጋር የማይገጥም ስም፣ እንዲሁም ሰዓት ተይዞባቸው ሠርተው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምርና ወደ ጥናቱ እንሄዳለን። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው ፈተና?

ከ2020 ወዲህ ብዙ ኮሌጆች የፈተና ውጤት ማቅረብን በተማሪው ፈቃድ ላይ ጥለውታል። ይህን የሰማ ወላጅ «ታዲያ ለምን እንለፋ?» ቢል አይፈረድበትም። የቤት ተማሪ ጉዳይ ግን ይለያል። ትራንስክሪፕቱን (የሃይስኩል ውጤት መግለጫውን) የሞላችው እናቱ ናት፤ «ኤ» የሰጠችውም እሷው ናት። የኮሌጁ ቅበላ ክፍል እናትየውን ባይጠራጠር እንኳ ከቤት ውጭ የሆነ ምስክር ማየት ይፈልጋል። እንዲያውም ለሌላው ተማሪ በፈቃድ የተዉትን ውጤት ከቤት ተማሪ የግድ የሚጠይቁ ኮሌጆች አሉ። ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 ፈተናውን መልሰው ግዴታ ማድረጋቸውን አስታውቀዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት (ዩሲ) በበኩሉ ለቅበላ ውጤቱን ጨርሶ አያይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አምስት ስድስት ኮሌጆችን መርጦ፣ በየድረ ገጻቸው ስለ ሆምስኩል ተማሪዎች የተጻፈውን አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት፤ ማመልከቻውን የሚሞላው እሱ ነውና።

ከፈተናዎቹ ሁለቱ በየትኛውም ኮሌጅ ዘንድ እኩል ናቸው፤ ኤስኤቲና ኤሲቲ። ኤሲቲ በ2025 ተሻሽሎ አጥሯል፤ የሳይንሱ ክፍልም በምርጫ ሆኗል። ሲኤልቲ የሚባል ሦስተኛ ፈተና አለ። ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት መፈተን ስለሚቻል የሆምስኩል ቤተሰቦች ይወዱታል፤ የፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2023 ጀምሮ ተቀብለውታል። የሚቀበሉት ኮሌጆች ግን ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ልጁ ኤስኤቲንም ኤሲቲንም አንድ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ይሥራ፤ የተሻለ የሠራውን ይያዝ፤ ሌላውን ይርሳ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት ጊዜ ማባከን ነው። ረጅም ምንባብ የሚያደክመው ልጅ ኤስኤቲ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ኤስኤቲ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የፈተናው ሒሳብ አልጀብራ ሁለትንና ጂኦሜትሪን ያካትታል፤ ትንሽ ትሪጎኖሜትሪም አለበት። አልጀብራ አንድን በዘጠነኛ፣ ጂኦሜትሪን በአሥረኛ፣ አልጀብራ ሁለትን በአሥራ አንደኛ የሚማር ልጅ ለፈተናው የሚበቃው በአሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሙከራ በሜይ ወይም በጁን፣ ሁለተኛው በኦገስት ወይም በኦክቶበር ይሁን። ቀድሞ ለማመልከት ብዙ ኮሌጆች የሚያስቀምጡት የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 1 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ውጤት ለዚያ ዙር ላይደርስ ይችላል።

ቀን ስትመርጡ የቤተ ክርስቲያኑንም አቆጣጠር ከጎን አድርጉ። የማርች ፈተና ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል። በ2024 የሜይ ፈተና የዋለው ሜይ 4 ነበር፤ የቀዳም ሥዑር ዕለት። ሳምንቱን ሲሰግድና ሲጾም የሰነበተ ልጅ በዚያ ቀን ምን ሊሠራ ይችላል? ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ ቤተሰቦች ደግሞ እሑድ ለመፈተን መጠየቅ ይችላሉ፤ የእሑድ መፈተኛ ቦታዎች ግን ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ማለት ያስፈልጋል።

ፒኤስኤቲ የሚሰጠው በኦክቶበር፣ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ብቻ ነው። በአሥራ አንደኛ ክፍል የሚወሰደው ለናሽናል ሜሪት ስኮላርሺፕ ውድድር ያገለግላል፤ የቤት ተማሪም መወዳደር ይችላል። በኢንተርኔት መመዝገብ ግን የለም። በአካባቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት ደውላችሁ ወንበር መጠየቅ አለባችሁ፤ ይህም ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ኤፒ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች ፈተናዎችም እንዲሁ ናቸው። ፈተናው በሜይ ቢሆንም ትምህርት ቤቶች የሚያዝዙት በኖቬምበር አጋማሽ ስለሆነ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር ያልጠየቀ ወላጅ ዘግይቷል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የግዛቱ ሕግ የትምህርት ቦርዶች ፒኤስኤቲንና ኤፒን ለቤት ተማሪዎች ክፍት እንዲያደርጉ ያዛል። ስልኩን ያነሳው ሰው አናውቅም ቢላችሁ አትመለሱ፤ በትሕትና ሕጉን ጠቅሳችሁ የፈተና አስተባባሪውን አገናኙን በሉ። በሌሎች ግዛቶች ነገሩ በርእሰ መምህሩ በጎ ፈቃድ ሊወሰን ስለሚችል ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ሞክሩ፤ የግሎቹንም ጭምር።

አንድ የቨርጂኒያ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ለወረዳው የምታስገቡት የልጁ መሻሻል ማስረጃ አለ አይደል? ሕጉ ለዚያ የኤስኤቲ፣ የኤሲቲ ወይም የፒኤስኤቲ ውጤትንም ይቀበላል፤ ከአራተኛው ስታናይን (ውጤትን በዘጠኝ ደረጃ የሚከፍል መለኪያ ነው) ጋር የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ከሆነ። ለዚያ ዓመት ሌላ ፈተና መክፈል ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን አሠራሩ የሥራ ማኅደር ማሳየት ነው።

ምዝገባና ወረቀት

ኤስኤቲን በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ የሚከፈተው አካውንት በልጁ ስምና በልጁ ኢሜይል ይሁን። የትምህርት ቤት ኮድ ሲጠየቅ የቤት ተማሪ የሚያስገባው 970000 ነው፤ ለኤሲቲ ደግሞ 969999። በሰፈሩ ያለውን ሃይስኩል ኮድ ማስገባት ውጤቱን ወደማያውቀው ትምህርት ቤት ይልከዋል።

ስሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የኛ ስም አጻጻፍ እዚህ አገር መከራ ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ በግሪን ካርዱ ላይ የአባት፣ በቤተ መጻሕፍት ካርዱ ላይ ደግሞ ሌላ ሆሄያት። በምዝገባው ላይ የሚጻፈው ስም በፈተናው ቀን በሚታየው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የቤት ተማሪ የትምህርት ቤት መታወቂያ ስለሌለው ፓስፖርት ወይም ከዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ) የሚወጣ የግዛት መታወቂያ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ከሌሉት ኮሌጅ ቦርድ ያዘጋጀው የመታወቂያ ቅጽ አለ፤ ፎቶ ተለጥፎበት ኖተሪ ፊት ይፈረማል። መታወቂያው እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከምዝገባ በፊት የሚጠናቀቅ ሥራ አድርጉት።

ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች የክፍያ ነፃ ዕድል አላቸው፤ በፉድ ስታምፕ ወይም በነፃ ምሳ መመዘኛ ውስጥ የሚገቡ ለምሳሌ። ሁለት ጊዜ በነፃ ለመፈተን፣ ውጤቱን ያለ ክፍያ ለመላክና ለብዙ ኮሌጆች ያለ ማመልከቻ ክፍያ ለማመልከት ያስችላል። የቤት ተማሪ ይህን የሚያገኘው በአካባቢው ካለ ሃይስኩል ካውንስለር በኩል ነው፤ የገቢ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ የኛ ሰው ይህን መጠየቅ ያፍራል። የማይታፈርበት ነው።

ኮምፒውተሩን አሁኑኑ አረጋግጡ። ፈተናው ከማርች 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆኗል፤ የሚሠራውም ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ ነው። ብሉቡክ በዊንዶውስ፣ በማክና በአይፓድ ይሠራል። ክሮምቡክ ላይ የሚሠራው ግን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ከሆነ ብቻ ነው። ከመደብር የገዛችሁት ክሮምቡክ አያገለግልም፤ ይህ ደግሞ የሚመታው በዋናነት የቤት ተማሪን ነው። ሌላ ከሌላችሁ ከፈተናው ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብላችሁ ከኮሌጅ ቦርድ በውሰት መጠየቅ ይቻላል።

በጤና ወይም በትምህርት ችግር ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ልጅ ካላችሁ፣ ማመልከቻውን የምታስገቡት እናንተው ናችሁ፤ ውሳኔው እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

የፈተናው አሠራር

ፈተናው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ ንባብና ጽሑፍ፣ ከ10 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ሒሳብ። እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሏል፦ ንባቡ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ ሒሳቡ 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ለአንድ የንባብ ጥያቄ 71 ሰከንድ ያህል፣ ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ 95 ሰከንድ ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ጠቅላላ ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ነው።

ወላጅም ልጅም ሊገባቸው የሚገባው የሁለተኛው ግማሽ ነገር ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ የሠራ ልጅ ሁለተኛው ግማሽ ይከብድበታል፤ ደከም ያለው ይቀልለታል፤ ሲቀልለት ግን ሊደርስበት የሚችለው ውጤት ጣሪያ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ በግዴለሽነት የሚጣል ቀላል ጥያቄ ዋጋው ውድ ነው። ሁለተኛው ሲከብደው የሚደናገጥ ልጅም መክበዱ መልካም ምልክት መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። በየግማሹ የማይታረሙ ሁለት የሙከራ ጥያቄዎችም ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ አንድ እንግዳ ጥያቄ ቀኑን እንዲያበላሽበት አይፍቀድ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም።

ጥናቱ

መጽሐፍ ከመግዛት በፊት ብሉቡክ ላይ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና በሰዓት ይሥራ። ያለ ምንም ዝግጅት። ውጤቱ ቢያሳዝናችሁም ፊታችሁ ላይ አታሳዩ፤ የምትፈልጉት ካርታውን ነው። ብሉቡክ ላይ ያሉት ሙሉ ፈተናዎች ጥቂት ስለሆኑ በየሳምንቱ እየሠራ አይጨርሳቸው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ በቂ ነው። በመካከሉ ካን አካዳሚ ላይ ያለውን ነፃ የኤስኤቲ ትምህርትና ኮሌጅ ቦርድ የከፈተውን የጥያቄዎች ባንክ ይጠቀም፤ ጥያቄዎቹን በርእስና በክብደት መርጦ ማውጣት ይቻላል። በሳምንት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ቢያጠና ለአብዛኛው ልጅ የሚበቃ ይመስለኛል። የሚከፈልበት ኮርስ ራሱን ችሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ ሊጠቅም ይችላል፤ መቀመጥ ለለመደ የቤት ተማሪ ግን እምብዛም አዲስ ነገር አይሰጠውም።

ውጤት የሚያሻሽለው የስሕተት ደብተር ነው። ልጁ የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ፣ እንዲሁም ገምቶ ያገኘውን፣ በደብተር ይመዝግብ፦ ምን መረጥኩ፣ ያ መልስ ለምን ሳበኝ፣ ትክክለኛውን የሚያረጋግጠው የትኛው ቃል ወይም የትኛው ሕግ ነው። ከዚያ ምክንያቱን ይለይ፦ አላውቀውም ነበር፣ አንብቤ ስቻለሁ፣ ወይስ ሰዓት አለቀብኝ። ሦስቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ያላወቀ ይማር፤ አንብቦ የሳተ ጥያቄው ምን እንደሚል በራሱ ቃል መናገርን ይልመድ፤ ሰዓት ያለቀበት ከባዱን ምልክት አድርጎ ማለፍንና በኋላ መመለስን ይለማመድ። «ባለማስተዋል ነው» የሚለውን ምክንያት ግን አትቀበሉት። አምስት ጊዜ ያላስተዋለ ልጅ አንድ የማያውቀው ነገር አለው።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛዬ አይበቃም የሚል ወላጅ ትልቅ ሥራ አለው። ልጁ የሳተውን ምንባብ አንብቦ ጸሐፊው ምን እንደሚል በአማርኛ ያስረዳችሁ። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ግድ የለም። ሐሳቡን ወደ ሌላ ቋንቋ መገልበጥ የቻለ ገብቶታል፤ የእንግሊዝኛውን ቃላት እየደገመ የሚንተባተብ አልገባውም። ይህን ለማወቅ እናንተ ምንባቡን ማንበብ እንኳ አያስፈልጋችሁም።

ሒሳብ

አልጀብራና ከፍ ያለው አልጀብራ እያንዳንዳቸው 35 በመቶ ያህል ይይዛሉ፤ የቀረውን መረጃ ማንበብና መቶኛ፣ ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ ይካፈሉታል። ጊዜውንም በዚያው ልክ ክፈሉ።

አገር ቤት የተማርን ወላጆች ካልኩሌተር ማለት ስንፍና ነው ብለን አድገናል። እዚህ ግን በሒሳቡ ክፍል በሙሉ ይፈቀዳል፤ ዴዝሞስ የተባለው የግራፍ መሥሪያም ብሉቡክ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቀጥታ መስመርና አንድ ፓራቦላ የት የት እንደሚገናኙ በእጁ ሦስት ደቂቃ የሚሠራ ልጅ፣ ሁለቱን እኩልታዎች ዴዝሞስ ላይ ጽፎ መገናኛ ነጥቦቹን ቢነካ በሰከንዶች ያገኛቸዋል። ስለዚህ ዴዝሞስን እንደ አንድ የትምህርት ርእስ ያጥና። አገር ቤት የተማርነው በእጅ መሥራትም ዋጋ አለው፤ የቃላት ጥያቄን ወደ እኩልታ መለወጥን ካልኩሌተር አይሠራለትም። ዋጋው በ20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ በ20 በመቶ የቀነሰ ዕቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚል ልጅ፣ መቶ ብሩ 120 ከዚያ 96 መሆኑን በወረቀት እስኪያይ ድረስ ምንም ማሽን አያድነውም። ከጥያቄዎቹ ሩብ ያህሉ ምርጫ የላቸውም፤ መልሱን ራሱ ይጽፋል።

ንባብና ጽሑፍ

እያንዳንዱ ምንባብ ከ25 እስከ 150 ቃል ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይከተለዋል። ግጥም አለ፣ የጥንት ልብ ወለድ አለ፣ የሳይንስ ጥናት ከነሠንጠረዡ አለ። ብዙ ያነበበ የቤት ተማሪ እዚህ ይጠቀማል፤ ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለበት። ስለ ርእሱ ስለሚያውቅ እውነት የሆነውን፣ ምንባቡ ግን ያላለውን መልስ ይመርጣል። ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት መልሱን በራሱ ቃል ይበል፤ ከዚያ የሚቀርበውን ይፈልግ።

የሰዋስው ጥያቄዎች ሩብ ያህል ናቸው፤ ሕጎቻቸውም ውስን ናቸው። የዐረፍተ ነገር ወሰን፣ የሰሚኮለንና የኮለን አገባብ፣ የባለቤትና የግስ ስምምነት፣ አፖስትሮፊ። ከሁሉ ፈጥኖ ነጥብ የሚያስገኝ ክፍል ይህ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር ይጨረስ። በተለይ በቅርብ ከኢትዮጵያ ለመጣ ልጅ፤ ሰዋስውን በሕግ ስለተማረ እዚህ ከተወለደው ሊበልጥ ይችላል። ለእሱ የሚከብደው የቃላቱ ነው። ለዚያ የቃል ዝርዝር ከማስሸምደድ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሳይንስ መጣጥፍና የቆየ የእንግሊዝኛ ድርሰት ቢያነብ ይሻለዋል።

ሰው በተሰበሰበበት መለማመድ

የቤት ተማሪ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ሻይ አጠገቡ፣ ሲደክመው እየተነሣ ነው የኖረው። የማያውቃቸው ሰዎች በሚያስሉበት አዳራሽ፣ ሰዓቱ ከፊቱ እየቆጠረ መሥራት ራሱ ትምህርት ነው። በካውንቲው ቤተ መጻሕፍት የጥናት ክፍል ያዙ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከጎረቤት ሦስት አራት ተማሪዎችን ጥሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት የራሳቸውን ኮምፒውተር ይዘው አንድ ሙሉ ፈተና አብረው ይሥሩ። ስልክ መኪና ውስጥ ይቅር። ዕረፍቱ 10 ደቂቃ ብቻ። አንዱ ወላጅ በር ላይ ይቀመጥ፤ አያግዝ፣ አያጽናና። ይህን ሁለት ጊዜ ያደረገ ልጅ በዋናው ቀን እንግድነት አይሰማውም።

የመጨረሻው ሳምንት

ፈተናው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ሲቀረው ብሉቡክን ከፍቶ የፈተናውን ዝግጅት ይጨርስ፤ የመግቢያ ትኬቱ የሚወጣው ያኔ ነው። ዓርብ ማታ አዲስ ነገር አያጥና። ኮምፒውተሩ ይሞላ፤ ቻርጀሩ፣ መታወቂያው፣ ትኬቱ፣ እርሳስና መክሰስ በአንድ ቦርሳ ይግቡ። ከጠዋቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 7:45 እዚያ ይድረስ፤ በሩ 8:00 ላይ ይዘጋል፤ የዘገየ አይገባም። መንገዱን ቀድማችሁ እዩት፤ ባዶ ወንበር የተገኘው ሌላ ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው በጾም ከዋለ ልጁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የጾም ቁርስ በቂ ነው፤ በሶ፣ ወይም ዳቦ ከኦቾሎኒ ቅቤና ከሙዝ ጋር። ቡና ያልለመደ ልጅ በዚያን ቀን አይጀምር።

ከውጤቱ በኋላ

ውጤቱ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ከፈተናው በኋላ እስከ ዘጠኝ ቀን ድረስ ለአራት ኮሌጆች በነፃ መላክ ይቻላል፤ ግን ያኔ ውጤቱ ገና አልታየም። የክፍያ ነፃ ዕድል ያላችሁ አትቸኩሉ፤ አይታችሁ ብትልኩም በነፃ ነው። ሌሎቻችሁም ኮሌጁ ውጤቱን ሁሉ የሚጠይቅ ካልሆነ በስተቀር ብትጠብቁ እመርጣለሁ።

ይደገም ወይስ አይደገም? ቤት ሲለማመድ ያገኝ የነበረው ከዋናው ውጤት በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ይድገም። ብዙ ኮሌጆች ከተለያዩ ቀናት የተሻለውን የንባብና የተሻለውን የሒሳብ ውጤት አጣምረው ስለሚያዩ፣ በሁለተኛው ዙር የደከመበት ክፍል ላይ ብቻ ማተኮር ይችላል። የጥናቱ መንገድ ሳይለወጥ ሦስተኛ ጊዜ መቀመጥ ግን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ቢወስድበት ይሻላል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ኖቫ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለሃይስኩል ተማሪዎች በራቸው ክፍት ነው። እዚያ የሚያገኘው ውጤት እናቱ ያልሰጠችው ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ከቤት ውጭ የሆነ መምህርም እዚያው ያገኛል።

ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ ማመልከት በሚቻልበት በኮመን አፕ ሲያመለክት ልጁ ካውንስለር ብሎ የሚያስገባው የወላጁን ስምና ኢሜይል ነው። ከዚያ ትራንስክሪፕቱንና ስለ ቤታችሁ ትምህርት የሚገልጸውን ጽሑፍ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ጥሪው ወደ ኢሜይላችሁ ስለሚመጣ ከኦገስት ጀምሮ የቆሻሻ መልእክት ሳጥናችሁንም እዩ።